ከሐዋሳ ሐይቅ እስከ ውቅያኖስ፦ ስለ ውሃ ሞዴል፣ ስለ ባሕር ፕላንና ስለ ዓሣ ሀብት አስተዳደር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ባለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ላይ፣ ዓሣ ስንለካ፣ በክፍል ውስጥና በየስብሰባው ደጋግመው የሚቀርቡልን ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፤ «ዓ.ም.» ያልተባለ ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የውቅያኖስ ሞዴል ሲባል ምን ማለት ነው?

ሞዴል ሲባል ብዙ ሰው በመስታወት ውስጥ የተቀመጠ ትንሽ የባሕር ቅርጽ ይመስለዋል። እዚህ የምንናገርለት ሞዴል ግን ስሌት ነው። ባሕሩ በጎንና በጥልቀት በሚሊዮኖች በሚቆጠሩ ሳጥኖች ይከፈላል። እያንዳንዱ ሳጥን የራሱ ሙቀት፣ የራሱ ጨው፣ የራሱ የፍሰት አቅጣጫና ፍጥነት አለው። ከዚያ ኮምፒውተሩ ያሰላል፦ ነፋሱ በዚህ በኩል ከገፋ፣ ፀሐይዋ ይህን ያህል ካሞቀች፣ ጎረቤት ሳጥን ይህን ያህል ውሃ ካስገባ፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይህ ሳጥን ምን ይመስላል? የተገኘውን መልስ ይዞ ወደ ቀጣዮቹ ደቂቃዎች ይሻገራል። ደቂቃው በደቂቃ ላይ ሲደመር የወራትና የዓመታት የባሕር ታሪክ ይወጣዋል። የመጀመሪያዎቹን እንዲህ ዓይነት ሞዴሎች በ1960ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የሠሩት ኪርክ ብራያንና ማይክል ኮክስ ናቸው። ዛሬ በስፋት ከሚሠራባቸው መካከል ሮምስና ኔሞ የሚባሉት ይገኙበታል።

የሳጥኑ ስፋት ወሳኝ ነገር ነው። በአሁኑ ጊዜ የዓለምን ውቅያኖስ በየቀኑ የሚተነብዩት ትልልቅ ሞዴሎች የአንዱ ሳጥን ጎን 9 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይሆናል። ሐዋሳ ሐይቅ ወደ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል። ስለዚህ ሐይቃችን በሙሉ፣ ከታቦር ተራራ ሥር እስከ ጥቁር ውሃ ወንዝ መግቢያ ድረስ፣ ለእነዚያ ሞዴሎች አንድ ሳጥን ቢሆን ነው! በአንድ ሳጥን ውስጥ ደግሞ የዚህኛው ዳርና የዚያኛው ዳር ልዩነት አይታይም። የባሕር ወሽመጥ፣ ወደብ ወይም ሐይቅ ለማጥናት ሳጥኑ እስከ መቶ ሜትርና ከዚያም በታች መጥበብ አለበት። አንድ ሰው «ሞዴል አለን» ሲላችሁ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ሳጥኑ ስንት ሜትር ነው?» የሚለው ነው።

ባሕር የለንም፤ ሐዋሳ ላይ ተቀምጠን ስለ ውቅያኖስ ሞዴል ለምን እንማራለን?

የመጀመሪያው መልስ ሐይቁ ራሱ ነው። ነፋስ የውሃን ፊት የሚገፋበት፣ ሙቅ ውሃ በቀዝቃዛው ላይ የሚተኛበት፣ ወንዝ ያመጣው ደለል የሚሰራጭበት ሕግ በአትላንቲክም በሐዋሳም አንድ ነው። እንዲያውም ሐዋሳ ሐይቅ ከውቅያኖስ ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻበት ምክንያት አለ፤ በምድር ላይ የሚወጣለት ወንዝ የለውም። ዓመቱን ሙሉ የሚገባው ወንዝ ጥቁር ውሃ ነው፤ ከሐይቁ የሚወጣው ግን በዋናነት በትነት ነው። የተነነው ውሃ ይሄዳል፤ ጨው፣ ደለልና ኬሚካል ይቀራሉ። አንድ ጊዜ የገባ ስሕተት ጠርጎ የሚወስደው የለም። ከመወሰን በፊት በስሌት መሞከር ለእንዲህ ዓይነቱ ሐይቅ ቅንጦት አይደለም።

ሁለተኛው መልስ ዝናባችን ነው። በ2015 ክረምቱን ያዳከመው ኤል ኒኞ፣ ማለትም የባሕር ውሃ ከልኩ በላይ መሞቅ፣ የተወለደው ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ነው። ኤል ኒኞ ሊመጣ መሆኑን ከወራት በፊት ለመናገር የሚያስችሉት የውቅያኖስና የአየር ሞዴሎች በጥምረት ሲሠሩ ነው፤ የአገራችን የወቅት ትንበያም የሚነሣው የዚያን ውቅያኖስ ሙቀት በማየት ነው። በ1990 ዓ.ም. አካባቢ የሐዋሳ ሐይቅ ከልኩ አልፎ ወደ ከተማዋ ሲጠጋ፣ ኋላም መከላከያ አጥር ሲሠራለት ያዩ ሰዎች ዛሬም አሉ። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ፓስፊክ በብርቱ ኤል ኒኞ ሞቆ ነበር።

ሞዴሉ ምን ዓይነት መረጃ ይፈልጋል?

የውሃውን ጥልቀት፣ ነፋሱን፣ ፀሐይዋን፣ ዝናቡን፣ የሚገባውን ወንዝ። ይህ ለመነሻ ነው። ከዚያ ደግሞ ስሌቱ ልክ መሆኑ የሚፈተንበት ከውሃው የተለካ ነገር ያስፈልጋል። በውቅያኖስ ላይ ይህን ሥራ በብዛት የሚሠሩት አርጎ የሚባሉ ተንሳፋፊ መሣሪያዎች ናቸው። ወደ 4,000 የሚጠጉ ሲሆኑ እያንዳንዱ በየ10 ቀኑ እስከ 2,000 ሜትር ጠልቆ፣ ሙቀትና ጨው እየለካ ይወጣና በሳተላይት ይልካል።

ሐዋሳ ላይ መሣሪያው ቀለል ያለ ነው። ጥቁርና ነጭ የተቀባ ክብ ሳሕን በገመድ ታስሮ ከጀልባ ጎን ይወርዳል፤ ሴኪ ዲስክ ይባላል። ዓይናችሁን ሳትነቅሉ ትከተሉታላችሁ፤ ነጩ መጀመሪያ አረንጓዴ ይመስላል፣ ቀጥሎ ይደበዝዛል፣ በመጨረሻ ይጠፋል። በጠፋበት ቦታ ገመዱ ላይ ያለውን ምልክት ትይዛላችሁ። ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ እንደገና ሲታይ ሁለተኛውን ምልክት ትይዛላችሁ፤ የሁለቱ አማካይ የውሃው ጥራት ልክ ይሆናል። ዋቅላሚ (ውሃን አረንጓዴ የሚያደርገው ጥቃቅን ተክል) ሲበዛ ወይም ደለል ሲገባ ይህ ቁጥር ያጥራል። አንድ ገመድና አንድ ሳሕን በየሳምንቱ ያለ ማቋረጥ ለአሥር ዓመት ከተሠራባቸው ዋጋቸው ከብዙ ውድ መሣሪያ ይበልጣል።

መረጃው ሲበላሽ ሞዴሉም አብሮ ይበላሻል። አንድ ጊዜ የውሃ ከፍታ የምናነብበት ባለ ሜትር እንጨት ወድቆ ኖሮ አንድ ሰው በቅንነት መልሶ ተከለው፤ ቀድሞ በነበረበት ከፍታ ግን አልነበረም፣ መዝገብም ላይ አልተጻፈም። ሞዴላችን ሐይቁ በአንድ ሌሊት እንዳበጠ ነገረን። ስሕተቱን ከስሌቱ ውስጥ ስንፈልግ ሦስት ሳምንት አለቀ፤ በመጨረሻ እንጨቱ ሥር ያለውን አዲስ አፈር ያየው ቀዛፊያችን ነው። ከዚያ ወዲህ ማንም ሰው ማንኛውንም መሣሪያ ሲነካ ቀኑንና ሰዓቱን እንዲጽፍ እንለምናለን።

ሞዴሉ ዓሣው የት እንዳለ ይነግረናል?

አይነግርም። የሚነግረው ዓሣው የሚወደው ውሃ የት እንዳለ ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ በሥራ ላይ ግን ትልቅ ነው። ዓሣ ወይም ኤሊ በምን ያህል ሙቀት ውስጥ እንደሚውል በጥናት ከታወቀ፣ ያ ሙቀት ያለበትን ቦታ ከሳተላይትና ከሞዴል አውጥቶ ካርታ መሥራት ይቻላል።

ሃዋይ ውስጥ የሆነውን ልንገራችሁ። ሰይፍ ዓሣ የሚያጠምዱት ጀልባዎች በረጅም የመንጠቆ ገመዳቸው የባሕር ኤሊ ይይዙ ነበር፤ ስለዚህ በዓመት የሚያዘው የአንድ ዝርያ ኤሊ 17 ከደረሰ ማጥመዱ እንዲቆም ተወሰነ። በ2006 መጋቢት ሳያልቅ 17 ሞላ፤ የዓመቱ ሥራም በዚያው ተዘጋ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ባለሙያዎች ኤሊዎቹ የሚበዙበትን ውሃ፣ ሙቀቱ ከ17.5 እስከ 18.5 ዲግሪ የሆነውን፣ በካርታ ላይ ለአጥማጆች ማሳየት ጀመሩ። ካርታው «ወደዚህ አትሂዱ» ብሎ አያስገድድም፤ «ገመዳችሁን እዚህ ከዘረጋችሁ ኤሊ ልትይዙ ትችላላችሁ» ይላል። ኤሊም ይተርፋል፣ ሥራውም አይዘጋም። በምሥራቅ አውስትራሊያም የደቡብ ብሉፊን ቱና ይኖርበታል ተብሎ የሚገመተው ውሃ በሞዴል እየተሰላ፣ ኮታ የሌላቸው ጀልባዎች የማይገቡበት ክልል ውሃው በተንቀሳቀሰ ቁጥር አብሮ ይንቀሳቀስ ነበር። ክልከላው ከዓሣው ጋር ስለሚሄድ የተቀረው ባሕር ለሥራ ክፍት ይሆን ነበር።

ለሐዋሳ የሚጠቅመው ጥያቄ የኦክስጅን ነው። ውሃው ፀጥ ብሎ ሲሰነብት ሥሩ ያለው ውሃ ኦክስጅኑ ያልቃል፤ ዓሣውም ወደ ላይኛው ውሃ ይወጣል። ብርድ ወይም ብርቱ ነፋስ ሲመጣ የታችኛው ከላይኛው ይቀላቀላል። በቢሾፍቱ ጥልቅ ሐይቆች እንዲህ ያለው መገለባበጥ ዓሦችን በጅምላ የገደለባቸው ጊዜያት አሉ። ሐዋሳ ሐይቅ ጥልቀቱ ከ20 ሜትር ብዙ ስለማይበልጥና ነፋስ ስለሚያገኘው ቶሎ ቶሎ ይቀላቀላል፤ ይህ በጎ ነው። መቼ እንደሚቀላቀልና መቼ እንደሚዘገይ ማስላት ግን ቀላል በሚባል ሞዴል እንኳ የሚቻል ነው።

በውሃ ውስጥ ያለ ዓሣ ሳይቆጠር ብዛቱ እንዴት ይታወቃል?

ጠዋት በማለዳ አሞራ ገደል ውረዱ። ጀልባው ዳር ይጠጋል፣ መረቡ ይዘረገፋል፣ ቆሮሶው (ቲላፒያ) አንድ በአንድ ከመረቡ ዓይን ይለቀማል። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የሚጣለውን አንጀት ሲጠባበቁ ከኋላ ይሰለፋሉ። መዝጋቢዋ ሴንቲ ሜትር የተጻፈበት ጣውላ ጭኗ ላይ አድርጋ የዓሣውን አፍ ከዜሮው ግድግዳ ታስጠጋለች፤ ጅራቱን በአውራ ጣቷ ዘርጋ አድርጋ «ሃያ ሦስት» ትላለች። ጓደኛዋ ይጽፋል። «ሃያ አንድ። አሥራ ዘጠኝ። አሥራ ዘጠኝ።» የዓሣ ሀብት ሳይንስ ሙሉ በሙሉ በዚህ ድምፅ ላይ የቆመ ነው ብል አላጋነንሁም።

ከዚህ ርዝመት ብዙ ነገር ይወጣል። ዓሣው በየወሩ ምን ያህል እንደሚያድግ ከታወቀ ርዝመቱ ዕድሜውን ይገልጻል። ትልልቆቹ ከመዝገቡ እየጠፉ ከሄዱ፣ ዓሣው ሳይራባ እየተያዘ ነው ማለት ነው። በዚህ ላይ ስንት ጀልባ፣ ስንት መረብ፣ ስንት ሌሊት እንደወጣ ሲጨመርበት ሞዴሉ ይገነባል። በ1954 ሚልነር ሼፈር ያቀረበው ስሌት ዛሬም የብዙዎቹ መነሻ ነው፤ ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ ጥቂት ብታጠምድ ጥቂት ታገኛለህ፣ ጥረት ስትጨምር ምርቱ ያድጋል፣ ከአንድ ነጥብ በኋላ ግን ጀልባ በጨመርህ ቁጥር ሁሉም የሚያገኘው ይቀንሳል። ዓሣን መብላት በብልሃት ነው የሚባለው ስለ እሾሁ ነበር፤ ስለ ሐይቁም እውነት ነው።

የአገራችን የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ፣ ቁጥር 315/1995 (1995 ዓ.ም.)፣ የመረብ ዓይን ስፋትን የመሳሰሉ ነገሮች በሥርዓት እንዲመሩ መሠረት የጣለ ነው። ዓይኑ ስንት ሴንቲ ሜትር ይሁን የሚለው ግን በሕግ ቃል ብቻ አይታወቅም። ቆሮሶ በስንት ሴንቲ ሜትር ነው መራባት የሚጀምረው? የትኛው ዓይን ያንን መጠን ያሳልፋል? መልሱ ያለው በዚያች ጣውላ ላይ ነው።

አንዱን ዓሣ ብቻ ማስላት ይበቃል?

አይበቃም፤ ዓሣ ዓሣን ይበላልና። ሐዋሳ ሐይቅ ውስጥ ስድስት የዓሣ ዝርያዎች አሉ። ለገበያ የሚወጡት ቆሮሶ፣ አምባዛና ባርበስ ናቸው። ቆሮሶ በአብዛኛው ዋቅላሚ ይበላል፤ አምባዛ ያገኘውን፣ ትንንሽ ዓሦችንም ጭምር ይበላል። አንዱን ስትነካ ሌላው ይነቃነቃል። ይህን የመብልና የተበላ ሰንሰለት የሚያሰላው በጣም የታወቀው ሞዴል ኢኮፓዝ ነው። ጄፍሪ ፖሎቪና በ1980ዎቹ መጀመሪያ ለአንድ የሃዋይ ኮራል ሪፍ (ከኮራል የተሠራ የባሕር ውስጥ ቋጥኝ) የሠራው ሲሆን፣ ኋላ ዳንኤል ፓውሊና ቪሊ ክሪስተንሰን አሳድገውታል። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ሐዋሳ ሐይቅም የራሱ ኢኮፓዝ ሞዴል እንዳለው ነው፤ ታደሰ ፈታሂና ሥዩም መንግሥቱ ሠርተው በ2007 አሳትመውታል። ከዜሮ አንጀምርም።

ሰንሰለቱን ሳያሰሉ መወሰን ምን እንደሚያመጣ ቪክቶሪያ ሐይቅ አሳይቷል። በ1950ዎቹ የናይል ፐርች፣ እኛ አባያና ጫሞ ላይ ነጭ ዓሣ የምንለው፣ እንዲገባበት ተደረገ። ከዓመታት በኋላ በሌላ ቦታ የማይገኙ እጅግ ብዙ ትንንሽ የዓሣ ዝርያዎች ጠፉ። ትልቅ የወጪ ንግድ መጣ፤ የጠፋው ግን አይመለስም።

የባሕር ቦታ አጠቃቀም ፕላን ምንድን ነው? ሞዴሉስ እዚያ ውስጥ ምን ይሠራል?

ለከተማ መሪ ፕላን እንደምናወጣ ለውሃም ይወጣል። የት ይጠመድ? የት መርከብ ይለፍ? የት ዓሣው ሰላም ያግኝ? የት መዝናኛ ይሁን? የአውሮፓ ኅብረት በ2014 ባወጣው መመሪያ ባሕር ያላቸው አባል አገሮች ሁሉ እንዲህ ያለ ፕላን እንዲያወጡ አዟል። ከአፍሪካ ሲሸልስ ግንባር ቀደም ናት፤ ከ1.3 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር የሚበልጠውን የባሕር ክልሏን 30 በመቶ ጥበቃ ሥር አድርጋለች።

በጣም የሚጠቀሰው ምሳሌ የአውስትራሊያው ታላቁ ባሪየር ሪፍ ነው። በ2004 ፓርኩ እንደ አዲስ ሲከለል ዓሣ ፈጽሞ የማይጠመድበት ክፍል ከ5 በመቶ አካባቢ ወደ 33 በመቶ አደገ። ማርክሳን የሚባለው ፕሮግራም ሥራ የተጀመረው እዚህ ላይ ነው፤ የተፈጥሮ ግቡን አሟልቶ ሰዎችን በትንሹ የሚጎዳውን አከላለል ከብዙ ሺህ አማራጮች መካከል ይፈልጋል። ፕሮግራሙ ብቻውን አልወሰነም። አማራጮች አወጣ፣ ሕዝብ ተከራከረባቸው፣ መስመሮቹ ተነሥተው እንደገና ተሰመሩ።

አሁን ሐዋሳ ውስጥ ፍቅር ሐይቅ ወደሚባለው ዳርቻ እንምጣ። በአንዲት ጠባብ ዳር የእግር መንገድ፣ ሆቴሎች፣ የጀልባ ሽርሽር፣ የዓሣ ገበያ፣ ልብስ አጣቢዎችና ለቆሮሶ መራቢያ የሚሆን የደንገልና የቄጠማ ዳር ተጠጋግተው አሉ። ደንገሉ ሲነቀል ዳሩ ጽዱ ይመስላል፤ እኔ ግን ባየሁት ቁጥር ያንገበግበኛል። የዓሣ ጫጩት ከአምባዛና ከወፍ የሚሸሸገው እዚያ ነው። ሞዴሉ እዚህ የሚያግዘው «ይህ 200 ሜትር ቢነቀል» ወይም «በጥቁር ውሃ በኩል የሚገባው ደለል በእጥፍ ቢጨምር» የሚለውን ከመሆኑ በፊት ለመሞከር ነው። ነፋሱ በየትኛው ወር ደለሉን ወደየትኛው ዳር እንደሚወስደው ካወቅን፣ አዲስ ነገር የት እንደሚሠራና የት እንደማይሠራ የምንከራከረው በግምት አይሆንም።

ዓሣ የማይጠመድበት የመራቢያ ቦታ የት ይሁን የሚለውን ሞዴል ሊወስንልን ይችላል?

በውቅያኖስ ላይ ትልቁ አገልግሎቱ ይህ ነው። አብዛኛው የባሕር ዓሣ እንቁላሉን ውሃ ላይ ይለቃል፤ ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው እጭም ለሳምንታት፣ አንዳንዱ ለወራት፣ ውሃው ወደ ወሰደው ይሄዳል። ስለዚህ የወላጆቹ ቦታና የልጆቹ ቦታ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ሊራራቁ ይችላሉ። ባለሙያዎች በሞዴሉ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ምናባዊ እጮችን ለቅቀው የት እንደሚደርሱ ይከታተላሉ። የሚከለለው ቦታ ለሌሎች ቦታዎች ልጆችን የሚመግብ እንዲሆን ይመረጣል።

ይህን ዘዴ ግን እንዳለ ወስዶ ለሐዋሳ ማድረግ ስሕተት ነው፤ ከተማሪዎቼ ጋር ደጋግሜ የምከራከረውም በዚህ ነው። የቆሮሶ እናት እንቁላሏን በአፏ ትይዛለች። ከተፈለፈሉ በኋላም ጫጩቶቹ አደጋ ሲመጣ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። የቆሮሶ ልጅ እንደ ባሕር እጭ ከውሃ ጋር አይንከራተትም። ለቆሮሶ የሚያስፈልገው ስሌት የውሃው ጉዞ ሳይሆን ጥልቀት የሌለው፣ ሞቃት፣ ሣር ያለበት ዳር በየትኛው ወር የት እንደሚገኝ ነው። የሐይቁ ከፍታ ሲለዋወጥ ያ ዳር ይንቀሳቀሳል፤ ሞዴሉ የሚገባውም እዚህ ላይ ነው። የዓሣውን ጠባይ ሳያውቁ የውሃውን ጠባይ ብቻ ማሳመር ቆንጆ ካርታ ያወጣል፣ ዓሣ ግን አያተርፍም።

ይህ ሁሉ ውድ አይደለም?

ስሌቱ ውድ አይደለም። ሮምስ፣ ኔሞና ኢኮፓዝ በነጻ ይገኛሉ። ሐይቁን ከላይ እስከ ታች እንደ አንድ ዓምድ የሚያሰላ ሞዴል በማንኛውም ተማሪ ኮምፒውተር ላይ የብዙ ዓመት ስሌቱን በደቂቃዎች ይጨርሳል። የሳተላይት መረጃም አብዛኛው ክፍያ የለውም፤ በ2022 መጨረሻ የመጠቀው ስዎት የሚባለው ሳተላይት የሐይቆችን ከፍታ ጭምር ይለካል። ውዱ ነገር ሰው ነው፦ በየጠዋቱ የምትለካ መዝጋቢ፣ ዝናብ ሲዘንብም የሚወጣ ቀዛፊ። በጀት ሲቆረጥ መጀመሪያ የሚቆረጠው ግን የእነሱ አበል ነው። ይህ መገልበጥ አለበት።

ሞዴሉ ቢሳሳትስ?

ይሳሳታል። ተሳስቶም ያውቃል። የካናዳዋ ኒውፋውንድላንድ ሕዝብ ለአምስት መቶ ዓመት ያህል የኖረው በኮድ ዓሣ ነው። በ1980ዎቹ ባለሙያዎች የዓሣውን ብዛት ሲያሰሉ ብዙ የተደገፉት ትልልቅ መርከቦች በሰዓት በሚይዙት መጠን ላይ ነበር። መርከቦቹ ግን ዓሣ የሚያሳይ መሣሪያ አላቸው፤ ዓሣው ሲያንስ ደግሞ በተረፈው ቦታ ይሰበሰባል። ስለዚህ የተያዘው አልቀነሰም፤ ባሕሩ ግን እየተራቆተ ነበር። በትንንሽ ጀልባ ዳር ዳሩን የሚያጠምዱት «ዓሣው እያነሰ፣ እየኮሰሰ ነው» ሲሉ በወቅቱ የሰማቸው ጥቂት ነው። ጁላይ 2 ቀን 1992 ማጥመዱ ተዘጋ። ወደ 30,000 ሰው ሥራ አጣ። ዓሣው በአሥር ዓመትም በሃያ ዓመትም እንደ ቀድሞው አልሆነም።

ሐዋሳ ላይም ይህ አደጋ እንዳለ ይሰማኛል። ቆሮሶ ለመራባት ወደ ዳር ሲመጣ እዚያው መረብ ቢጣልበት፣ በአንድ ሌሊት የሚያዘው ብዛት ለረጅም ጊዜ ሳይቀንስ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ የተያዘውን ኪሎ ብቻ አትመኑ፤ የተያዘበትን ቦታ፣ የዓሣውን ርዝመትና የመረቡን ዓይን አብራችሁ መዝግቡ። ሞዴል የሚያቀርብላችሁ ሰው አንድ ቁጥር ብቻ ካቀረበም «ከስንት እስከ ስንት ሊሆን ይችላል?» ብላችሁ ጠይቁት። ጥሩ ሞዴል ሠሪ መልሱን አዘጋጅቶ ይመጣል፤ ካላዘጋጀ ስሌቱን ይዞ ይመለስ።

እኛ ከአባቶቻችን የወረስነው ልምድ አለን። ሞዴሉ ከእኛ ይበልጣል?

አይበልጥም፤ የሚያየው ሌላ ነገር ነው። አንድ ሽማግሌ አጥማጅ «ልጄ፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ላይኛው ውሃ ወደዚያ ይሄዳል፣ መረቤ ግን ወደዚህ ይጎተታል» አሉኝ። ተማሪዎቹ ፈገግ አሉ። እኔ ግን ማስታወሻዬን አወጣሁ፤ ነፋስ የላይኛውን ውሃ ወደ አንድ ዳር ሲገፋው ከሥር ያለው በተቃራኒው እንደሚመለስ በሞዴል ያወቅሁት ብዙ ገጽ አንብቤ ነው። ሰውየው በጣታቸው አውቀውታል። ሞዴሉ ያንን ፍሰት በሴንቲ ሜትር ልኮ፣ በክረምትና በበጋ ያለውን ልዩነት አስልቶ፣ ነገ ነፋሱ ቢለወጥ ምን እንደሚሆን ሊናገር ይችላል። መረቡ የተጎተተበት ቦታ ግን ያለ እሳቸው ካርታ ላይ አይገባም። በሐዋሳ ሞዴል ሲሠራ ከመጀመሪያው ቀን አጥማጆች እንዲቀመጡበት የምንሟገተው ለዚህ ነው፤ ውጤቱ ሲያልቅ ተጠርተው ሻይ ጠጥተው እንዲያጨበጭቡ አይደለም።

ሞዴሉ ድሃውን አጥማጅ ከሐይቁ ለማስወጣት ሰበብ አይሆንም?

ሊሆን ይችላል፤ ይህን ጥያቄ የሚያነሡ ሰዎች ትክክል ናቸው። «ሳይንስ እንዲህ አለ» የሚለው ቃል ጉልበት አለው። ዳሩ ለዓሣ መራቢያ ተብሎ ከአጥማጁ ተከልክሎ ከሁለት ዓመት በኋላ ለሌላ ግንባታ ቢውል ሞዴሉ የዋለው ለዓሣው አይደለም። ስለዚህ ክልከላ ሲወጣ ለስንት ወር እንደሆነ፣ በምን ቁጥር እንደሚነሣ፣ የሚለካውም ማን እንደሆነ በጽሑፍ ይቀመጥ። የሃዋዩ ክልከላ 17 የሚል ግልጽ ቁጥር ነበረው። ፔሩ በ2023 አንቾቪ የሚባለው ትንሽ ዓሣ የሚጠመድበትን የመጀመሪያውን ወቅት ስትሰርዝ ባሕሩ በኤል ኒኞ መሞቁንና የተገኘው ዓሣ በአብዛኛው ያልደረሰ መሆኑን በጥናት አሳይታ ነው፤ በዚያው ዓመት በኋላ ሁለተኛው ወቅት ተከፍቷል። አውስትራሊያም ሪፉን ስትከልል ሥራቸው ለተነካባቸው አጥማጆች መንግሥት ካሳ ከፍሏል።

ሞዴሉ ራሱ የተጎጂውን ሒሳብ እንዲያወጣ ማድረግም ይቻላል። ይህ ዳር ለሦስት ወር ቢዘጋ የስንት ጀልባ፣ የስንት ዓሣ ከፋይ ሴት፣ የስንት ጠባሽ ገቢ ይቀራል? ተመሳሳይ ጥቅም ለዓሣው የሚሰጥ፣ ሰውን ግን ያነሰ የሚጎዳ ሌላ ዳር አለ? ማርክሳን የተሠራው ይህን ለመፈለግ ነው። ሞዴል ይዞ ወደ አሞራ ገደል የሚመጣ ባለሙያ ሁሉ ይህን ሒሳብ ከዓሣው ሒሳብ ጋር በአንድ ወረቀት ላይ አድርጎ ይምጣ፤ መዝጋቢዎቹ የጻፉት መዝገብም ቅጂው እዚያው በማኅበሩ ቤት ይቀመጥ፣ ማንም አጥማጅ ገብቶ እንዲያየው።